አንደኛ የወጣው ቦዬ

[በቶንጋ፣ ቫቫኡ ደሴት፣ የእርሻ ትርኢት ቀን ረፋድ ላይ። የኮሚቴው ጸሐፊ ሴሚሲ ለዛሬ ብሎ ያሠራውን፣ በክብር ቀን ልብስ ላይ የሚታጠቀውን አዲስ የወገብ ምንጣፍ ታጥቋል። በኮኮናት ቅጠል በተጠቀለለ ረጅም ነገር ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። የሰውን ሁሉ ቦዬ፣ ያን ግንድ ሊያክል የሚችል የሚበላ ሥራ ሥር፣ ሲሸከም ያረፈደው ማናሴ ፊቱ ቆሟል። ሊናገር የፈለገው ነገር አለ፤ ግን ሰው ማስቸገር አይሆንለትም።]

ማናሴ፦ ሴሚሲዬ፣ እባክህ ከዚያ ላይ አንዴ ተነስልኝ።

ሴሚሲ፦ አልነሳም አልኩህ! ቦዬው በስጦታ የሚቀርብላቸው ባላባቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። የማን ቦዬ አንደኛ እንደሆነ ፊታቸው የማነበው እኔ ነኝ።

ማናሴ፦ ለአፍታ ብቻ...

ሴሚሲ፦ መቀመጥ ከፈለግህ ሌላ ግንድ ፈልግ! ይልቅ ጠጋ በልና ተማር። ይሄ ማጠቃለያ ሠንጠረዥ ይባላል። የያንዳንዱን ሰው ቦዬ በየስሙ ሰብስቦ ይደምራል። ከዚያ እዚች ጋ ጠቅ! ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረድራል።

ማናሴ፦ ቦዬዎቹን?

ሴሚሲ፦ ቁጥሮቹን!

ማናሴ፦ እኔ ደግሞ ሸክም ሊያቀልልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ማነው አንደኛ ታዲያ?

ሴሚሲ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] እኔ። ሦስት ቦዬ፣ ሲደመር አሥራ ሁለት ኪሎ።

ማናሴ፦ አንተ? ሦስቱንም በአንድ እጄ አንጠልጥዬ አይደል እንዴ ያመጣሁልህ!

ሴሚሲ፦ ጉልበታም ስለሆንክ ነዋ! ማሽን አያዳላም።

ማናሴ፦ እማማ ሎሎሄአስ?

ሴሚሲ፦ ከታች ሁለተኛ። ሁለት ኪሎ።

ማናሴ፦ ኧረ በእግዜር! የሳቸውን ለአራት ነው የተሸከምነው! ትከሻዬን እየው፣ ተልጧል።

ሴሚሲ፦ አሸካከም ስለማታውቁ ነው።

ማናሴ፦ ሚዛኑ ነው ሁለት ኪሎ ያለው?

ሴሚሲ፦ ሚዛኑማ ጠዋት ተሰበረ።

ማናሴ፦ በምን?

ሴሚሲ፦ በእማማ ሎሎሄአ ቦዬ።

[ማናሴ ሳቁን ለመዋጥ ዞር ይላል።]

ማናሴ፦ ሁለት ኪሎ ሰበረው?

ሴሚሲ፦ አሮጌ ነበራ! ከዚያ በኋላ ባለቤቶቹን እየጠየቅሁ መዘገብኩ።

ማናሴ፦ እማማ ምን አሉህ?

ሴሚሲ፦ «አፍራለሁ ልጄ፣ እንኳን ለባላባት ለሕፃንም አይበቃ፤ ቢበዛ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው።» እኔም ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ማናሴ፦ ፓስተሩስ?

ሴሚሲ፦ «ይቅር በለኝ፣ ከአይጥ የተረፈ ነው፤ ሦስት ኪሎ ከሞላ።» ሦስት።

ማናሴ፦ አንተስ ስለራስህ?

ሴሚሲ፦ እኔማ ሥልጠና የወሰድኩ ሰው ነኝ፣ እቅጯን ነዋ!

ማናሴ፦ ወይ ሴሚሲ! እዚህ ደሴት ላይ ስጦታውን ሳያንቋሽሽ የሚያቀርብ ማን አለ? ቦዬው በገዘፈ ቁጥር ባለቤቱ አንገቱን ይደፋል። አንተ እኮ ቦዬ አልደረደርክም፣ ይሉኝታ ነው የደረደርከው። ስምህ ባላባቱ ፊት መጀመሪያ ሲጠራ፣ ሕዝቡ የጉረኞች አንደኛ ነው የሚልህ።

[ከወደብ በኩል የዛጎል መለከት ይነፋል። ሴሚሲ ላብ ያጠምቀዋል።]

ሴሚሲ፦ ጉዴ ፈላ! መጡ! ምን ይሻለኛል?

ማናሴ፦ ያቺ ጠቅ የምታደርጋት ወደ ኋላም ትሄዳለች?

ሴሚሲ፦ ከትንሽ ወደ ትልቅ? እሱማ ትሄዳለች።

ማናሴ፦ ገልብጣት በቃ!

[ጠቅ። ሴሚሲ በገዛ ጣቱ ከአናት ወደ ጭራ ወረደ።]

ሴሚሲ፦ ፓስተሩ ሦስተኛ... እማማ ሎሎሄአ ሁለተኛ... እውነትም ልክ መጣ! ቆይ፣ ቆይ፣ አንደኛ የወጣው ዜሮ ኪሎ ነው! ማነው ይሄ? [ስክሪኑ ላይ አጎንብሶ] ማናሴ! አንተ ነህ!

ማናሴ፦ [አንገቱን ደፍቶ] ስትጠይቀኝ «እኔማ ምንም አላመጣሁም» ብዬህ ነበር።

ሴሚሲ፦ ታዲያ የታለ ቦዬህ?

ማናሴ፦ ከጠዋት ጀምሮ ተነስልኝ የምልህ ለምን መሰለህ?