ዱካ ቆጣሪዋ ጅግራ

ድሮ ድሮ፣ አራዊት ገና ስብሰባ ሳይሰለቻቸው፣ በአንድ ጫካ ውስጥ አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ከአንድ ግልገሏ በቀር ሌላ የላትም። የእሱም የኋላ እግሮች ከተወለደ ጀምሮ አልጸኑለትም። ክረምት ሲገባ ረግረጉ ይሞላና አራዊቱ ሁሉ ወደ ኮረብታው ይወጣሉ፤ መራመድ ያቃተው ለጅብ ይቀራል። ሚዳቋ ይህን ባሰበች ቁጥር ሣሩ አልዋጥ ይላታል።

ደግነቱ አያ አንበሶ ጉባኤ ጠርቶ፣ «አካሉ የደከመ ግልገል ሁሉ አጥንቱ ሳይጠና ይረዳ!» ብሎ አወጀ። አራዊቱ አጨበጨቡ፤ መቼም ለማጨብጨብ ማን ብሏቸው! ለሚዳቋ ልጅ ጉሬዛ ተመደበችለት። ጉሬዛ በየማለዳው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ትመጣና ሐረግ ላይ ተንጠልጥላ እግሩን ታሸዋለች፣ ደግፋም ታቆመዋለች። በወሩ ግልገሉ ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ቆሞ ዘጭ አለ። እናቱ በደስታ አለቀሰች።

አዋጁ መፈጸሙን እንድትቆጣጠር የተሾመችው ጅግራ ነበረች። ጅግራ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ መሬት ስትጭር የኖረች ናት። በየደጁ እየዞረች የረዳቶቹን ዱካ ትቆጥር ጀመር። ሚዳቋ ደጅ ደርሳ መሬቱን አሰሰች።

«እመት ሚዳቋ፣ እዚህ የረገጠ የለም!»

«ኧረ በዛፍ ነው የምትመጣው! ይኸውልሽ፣ ከራስሽ በላይ ናት፤ ቀና በይ!»

«ቀና ማለት የሥራ ድርሻዬ አይደለም» አለች ጅግራ። ጉሬዛም «በሥራ ገበታዋ ላይ ባለመገኘቷ» ተሰናበተች።

በምትኳ ከርከሮ መጣ። ከርከሮ ነገር ይገባዋል። ማለዳ ደርሶ ደጁን ሰባት ጊዜ ይዞራል፤ «ልጁ እንዴት ነው?» ይልና መልሱን ሳይሰማ ውልቅ ይላል። ደጁ አውድማ መሰለ። ጅግራ ይህን ስታይ ክንፏን አራገበች፤ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብላም መዘገበች። ከርከሮ ተሸለመ። ግልገሉ ግን ያቺኑ መቆሙንም ረሳት።

የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ሚዳቋ ልጇን ቁጥቋጦ ሥር ሸሽጋ ወደ ጉባኤው ሮጠች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ለጅብ ሊቀርብኝ ነው!»

አንበሳው ሪፖርቱን አገላበጠ። «ምን ጎደለብሽ? ደጅሽ በዱካ ተጥለቅልቋል ይላል እኮ!»

ጉባኤው በሳቅ አውካካ። ሚዳቋ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ዱካስ ሞልቷል ጌታዬ፤ የጎደለው የልጄ ዱካ ነው።»