አኮርዲዮኔን አንግቼ ያኮረፍኩበት ሰርግ

ይሄን ለልጆቼ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ስቃችሁ ስትጨርሱ ሼር እንዳታደርጉብኝ!

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ የጉለሌ ሰርግ አድማቂ ነኝ፤ አኮርዲዮን፣ ቤልቦተም ሱሪ፣ የድንኳን በር የሚነካ አፍሮ። እሱ ሲጫወት የማይነሳ ሰርገኛ የለም ይባልልኝ ነበር። (የሚለው እኔው ነኝ!)

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ጋሽ ገመቹ ልጃቸውን ሲድሩ ጠሩኝ፤ ቤታቸው ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ነው። በሰዓት እላፊው ምክንያት ያኔ ሰርግ በጊዜ ነው የሚያልቀው። ገና በስምንት ሰዓት ጀመርኩ።

የጎንደሩን ነካሁ።

ማንም አልተነሳም!

የጉራጌውን ሞቅ አድርጌ ለቀቅኩት። ሰዉ ለስላሳውን ይዞ በፍቅር ያየኛል። አንዲት እናት እንዲያውም "አይዞህ ልጄ" አሉኝ። እስቲ አስቡት፣ ለሙዚቀኛ አይዞህ ሲባል!

ሆድ ባሰኝ። በቃ፣ አኮርዲዮኔን ጀርባዬ ላይ አንግቼ ወደ በሩ። ጋሽ ገመቹ ሮጠው ክንዴን ያዙኝ።

"ቅር አይበልህ ልጄ። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ አንጨፍርም።"

"ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ?"

"ቀበሌዎቹ ዘፈን ከሰሙ ሰርግ ነው ብለው ያልፋሉ። ካልሰሙ የጸሎት ስብሰባ ነው ብለው ያስሩናል።"

ከኋላቸው ሰዉ ለሙሽሮቹ በሹክሹክታ ይዘምራል። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ቆይቷል። በሹክሹክታ የሚዘመር መዝሙር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንጀት ይበላል።

ወዲያው ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃ አንግተው ከተፍ!

"ምንድነው ጸጥታው? ሰርግ ነው ስብሰባ?"

ያ ሁሉ በእኔ ኩርፊያ! ሙሽራዋ ቬሏን ጨብጣ እኔን ታያለች። እኔ ደግሞ የአኮርዲዮኑ ማንገቻ ከአፍሮዬ ጋር ተጠላልፎብኛል። ጸጉሬን እየነጨሁ አወረድኩትና ያገኘሁትን ቁልፍ ተጫንኩ።

ጋሽ ገመቹ መሀል ገቡ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ያልጨፈሩ ሰውዬ! አንዱ ትከሻቸው ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን፣ ዓይናቸው ጭፍን። እየጸለዩ ይመስለኛል።

ጓዶቹ በሳቅ ፈረሱ። "አባባ ቀስ፣ ወገብዎን!" ብለው ለስላሳቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ጋሽ ገመቹ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። "ጌታ ይቅር ይበለኝ" አሉ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ደስ ግን ይላል!"

እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሳላቋርጥ፣ በኃይል ተጫወትኩ። እነሱም በእኔ ጩኸት ተከልለው፣ ድምፃቸውን አውጥተው ለልጆቻቸው ዘመሩ። ሙሽራዋ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

እኔን የሰማኝ አንድም ሰው አልነበረም። እናንተዬ፣ ማንም ባልሰማው ሙዚቃ እስከ ዛሬ የሚኮራ ሙዚቀኛ ከእኔ ሌላ አለ?