ሪምቡ ባለ ምላስ ከካሩካ ጫካ አንዲት የሰፈር ቃል ሳታመልጠው የተመለሰበት ዜና

አጥር ሰባሪው አሳማ በስኳር ድንቹ ማሳ ላይ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ የጊሉዌ ተራራ ደመናውን ገልጦ የካሩካ ፍሬ በበሰለበት ወራት፣ የዋኪፓው ሰው ሪምቡ ወልደ ዋሳ፣ አፈ ነጎድጓድ፣ ምላሰ ረጅም፣ አውራ ዶሮዎችን ሥራ ያስፈታ፣ የአባቱን ዛፎች ከመነጠቅ ሊያድን ተነሣ። እኔም ይህን ዜና የምጽፍ፣ ድስት ተሸክሜ ከኋላው የሄድሁ፣ ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን ግን ካየው ሰው አሳምሬ እጽፋለሁ።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ካሩካ፣ ፍሬው እንደ ለውዝ የሚበላው የተራራ ዛፍ፣ ጆሮ አለው። ለቀማ የወጣ ሰው ሁሉ ወንዙን ሲሻገር የሰፈሩን ቋንቋ ትቶ በጫካ ቋንቋ ብቻ ይናገራል፤ በዛፎቹ ሥር የሰፈር ቃል ከተሰማ ፍሬው ውሃ ይሆናልና። የጫካው ቋንቋ ደግሞ ቃሉ ጥቂት ነው። አሳማም ውሻም አይጥም «ባለ ጭራ» ነው፤ ቤትም አጥርም ዛፍም «የቆመ» ነው፤ ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ «ተራማጅ» ነው። ስድብ የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም። ለሪምቡ ይህ ማለት ጠላን ያለ ጌሾ መጥመቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከሕፃን ራስ የሚበልጥ አንድ የካሩካ ፍሬ ከላይ ወርዶ ግራ እግሩ ላይ ቢያርፍ፣ ጀግናችን «ውይ እግሬን! እግሬን ጨረሰኝ!» ብሎ በሰፈር ቋንቋ ጮኸ፤ የዚያ ዓመትም ፍሬ ውሃ ሆነ። ዝናቡ ስለ በዛ ነው ያለ ሰው ነበረ፣ ሰሚ ግን አላገኘም። ስለዚህ ሊቀ ጫካ ኮዶፔያ፣ የቃላት ጠባቂ፣ ጥርሱ ሁለት ብቻ የቀረ፣ በአደባባይ ቆሞ አዋጅ ነገረ፦

«ስሙ! ሪምቡ ዘንድሮም አንዲት የሰፈር ቃል ካመለጠችው፣ የአባቱን ዛፎች ነጥቄ ለሚስቱ ወንድም ለያሎ እሰጣለሁ። እኔ በዚህ ጥርሴ ውሃ ሳኝክ ልክረም እንዴ?»

ያሎ ማለት የዚያ አጥር ሰባሪ አሳማ ጌታ ነው። አሳማው የሪምቡን አጥር ጥሶ ማሳውን ሙልጭ አድርጎ ከበላ ወዲህ፣ አንዱ «ሌባ» ሲል ሌላው «ድንቄም አጥር!» ሲል፣ ሁለቱ ጎረቤቶች አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው በሩን የሚዘጋ ሆነው ነበር። የአንዱ ሚስት፣ የሌላው እኅት፣ ንግሥተ ጓዳ ሮፓሜም በዚያው በተሰበረው አጥር ላይ ወጥታ የራሷን አዋጅ አወጀች፦

«አንተ ሰውዬ! የአባትህን ዛፍ አስበልተህ እንዳትመጣብኝ፣ ልጆቻችን ምን ሊለቅሙ ነው? ያሎ፣ አንተንም ወንድሜ ነህ ብዬ አልምርህም። ሁለታችሁም ሰልችታችሁኛል፤ ከናንተስ አሳማው ይሻላል!»

ወእምዝ ሠራዊቱ ተንቀሳቀሰ። ከፊት ኮዶፔያ በምርኩዙ ጭቃውን እየባረከ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያሎ፣ መጥረቢያ በትከሻው፣ የሪምቡን ፊት ላለማየት እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየተራመደ፤ ከዚያ የሪምቡ አክስት፣ የመረብ ከረጢቷን ከግንባሯ ወደ ጀርባዋ አንጠልጥላ፣ በውስጡም ድንችና አንድ በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣ ይዛ፤ ከዚያ በየትኛውም ቋንቋ የማይናገሩ ሁለት ወንድማማቾች፤ ከዚያ ስሟን ወንዝ ዳር ጥላ «ባለ ጭራ» ልትባል ያለች ውሻ፤ በመጨረሻም እኔና ድስቱ።

ሪምቡ ወንዙ ዳር ሲደርስ ሸክሙን የሚያራግፍ ሰው መስሎ ቆመና የዓመቱን ስድብ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወጀ፦ «የአሳማ አጎት! ድንች በላ! ግንባርህ የድስት ቂጥ!» ያሎም በበኩሉ «ጨረስህ? በሸረሪት ድር አጥር ሠሪ!» ሲል አወጀ። ከዚህ በኋላ ተሻገሩ፣ ዝምም ሆነ።

በጫካው የሪምቡን መከራ ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል? ጨው ሲፈልግ «ነጩ» ቢል አመድ አመጡለት። ቅዝቃዜው አጥንቱ ሲገባ በሰፈር ቢሆን ግማሽ ቀን የሚያማርርበትን፣ በጫካ ቋንቋ «ፀሐይ የለም» ብሎ ጨረሰውና ቀሪውን ቀን ሥራ ሠራ። አክስቱ ይህን አይታ አለቀሰች፤ የደስታ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ያሎ ከሪምቡ አባት ዛፎች ትልቁ ላይ ወጥቶ ፍሬ ሲቆርጥ፣ አንዱ ፍሬ ቁልቁል መጥቶ የሪምቡን ቀኝ እግር መታው። በእጅ ይሁን በነፋስ ይህ ዜና አይፈርድም፤ ነፋስ ግን አልነበረም።

ሁሉም ባለበት ደረቀ። የሪምቡ ፊት ቀላ፣ ጠቆረ፣ ዓይኑ ወደ አባቱ ዛፎች ሄዶ ተመለሰ፣ ይህ አዋጅም ከአፉ ወጣ፦

«የ… የቆምሁበት… ተነካ!»

ኮዶፔያ ራሱን ነቀነቀ፤ ንጹሕ የጫካ ቋንቋ ነው። ሕመሙ ግን በሩን ከፍቶታልና፣ የሁለት ዓመት ቂም ተከትሎ ወጣ፦ «ይህ ተራማጅ! የዚህ ተራማጅ ባለ ጭራ የቆመውን ነካ! ከመሬት የወጣውን ወደ ሆዱ አስገባ!»

አክስቱ ጥቂት አሰበችና መለሰች፦ «እና? ባለ ጭራ ሆድ አለው።»

ሪምቡ «ሌባ» የሚለውን ፈለገ፣ በዚህ ቋንቋ የለም። «ንቀት»ን ፈለገ፣ የለም። «ግፍ»ንም ፈለገ፣ የለም። ሁለት ዓመት በእነዚህ ቃላት ተወጥሮ የኖረው ነገሩ ምሰሶው እንደ ተነቀለ ድንኳን ተኛበት፤ ገልጦ ቢያየው በውስጡ ያለው ድንች የበላ አንድ አሳማ ብቻ ነው። ይኸው ነው እንዴ? ብሎ እንደ ገረመው ከፊቱ አነበብሁ። ያሎም ከዛፉ ላይ ሳቀ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቅ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው።

ሪምቡ ግን ቁጣው ስለ ጠፋበት ተቆጣ። ደረቱን ነፋ፣ አፉን ከፈተ፣ የሰፈሩም ቃል ግማሹ ወጣ፦ «ሌ—»

በዚያች ቅጽበት ያሎ መዳፉ እስኪላጥ ድረስ ግንዱን ተንሸራትቶ ወረደና ከድንጋይ ላይ የበቀለ አረንጓዴ እርጥብ ሽበት አንድ እፍኝ ገፎ በጀግናው አፍ ወተፈ። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ዛፎቹ የእርሱ ነበሩ። ሁላችንም አየን፤ ድስቱን ያስቀመጥሁት ያን ጊዜ ነው። ኮዶፔያም ብዙ ካሰበ በኋላ ፈረደ፦ «ግማሹ ድምፅ ነው። ድምፅ ባለ ጭራም አለው።»

ሪምቡም ሽበቱን እያላመጠ ያሎን አየው። ያሎም መሬት ተቀምጦ፣ በለሆሳስ፣ «ተራማጅ፣ የቆምህበትን አሳየኝ» አለውና እግሩን በቅጠል ጠቀለለለት። በአፉ ሽበት ስለ ነበረ ድሉ የእርሱ አይደለም የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ ይህ ዜና አይመለከታቸውም።

ፍሬው ወዛም ሆነ፣ በጭስ ደረቀ፣ ከረጢቶቹ ሞሉ፣ ወረድን። ሌላው ሁሉ ወንዙን ተሻግሮ ወዲያው መጨቃጨቅ ጀመረ፤ ሪምቡና ያሎ ግን በማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸውንም ውሃ ውስጥ ነከሩ። ፈርተው ነበር። ከወንዙ ወዲህ «ሌባ»ም «ድንቄም አጥር»ም እንደ ዕዳ ጠያቂ ቆመው እንደሚጠብቋቸው ያውቁ ነበርና። ሮፓሜም ከሰፈር ወርዳ አወጀች፦ «ምን ትጎለታላችሁ? ዛፎቹስ? ተናገሩ እንጂ! ድንቹ አረረብኝ!»

ተያይተው ተነሡ። ሪምቡ እያነከሰ የያሎን ትከሻ ይዞ ተሻገረ። እግሩ የሰፈሩን መሬት ሲረግጥ ቃላቱ ሁሉ ተመለሱለት፤ ሕዝቡም ነገሩ ረጅም ይሆናል ብሎ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። አፈ ነጎድጓድ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ካሉት ቃላት ሁሉ ውስጥ ሲፈልግ ቆየ፣ ከዚያም ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ከአፉ ያልሰማውን ቃል አወጣ።

«አማቼ፣» አለ።

ያሎ ዓይኑን በተላጠው መዳፉ አበሰ። ሮፓሜ ሁለቱንም በጥፊ መታቻቸውና አቀፈቻቸው።

ስለዚህ ክብር ለሪምቡ ወልደ ዋሳ፣ ለአባቱ ዛፎች ታዳጊ፣ ለሽበት አላማጭ፣ ጫካው ስድቡን ቢነጥቀው ያልሞተ፣ ቋንቋው ሁሉ በተመለሰለት ጊዜ ያችን አንዷን ቃል ያስቀደመ! ከእርሷ በኋላ የተናገራቸውን ግን አልጻፍሁም፤ እስካሁንም አልጨረሰም።