ሥዕሉ ላይ ዳገት የለም

ስብሰባ ሊያልቅ ሲል እጁን የሚያወጣ ሰው ያናድዳችኋል? እኔንም ያናድደኝ ነበር። የግብርና ባለሙያ ሆኜ ተራራማው ጋዝጊብላ ወረዳ እንደተመደብኩ፣ ጥያቄ ያልተነሳበትን ሥልጠና ሁሉ «በሚገባ ተረድተዋል» ብዬ ሪፖርት አደርግ ነበር። ዝምታ ለሪፖርት ይመቻላ።

አንድ ቀን ገብስን በመስመር ስለመዝራት በሥዕል አስረድቼ ልዘጋ ስል፣ አባ ካሳ የሚባሉ ገበሬ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ መስመሩ ቁልቁል ነው አግድም?»

«በሥዕሉ መሠረት ነው፣ አባ።»

«ሥዕሉ ላይማ ዳገት የለም።»

ሰው ሁሉ ወደ ሥዕሉ ተጠጋ። አንዷ «ቁልቁል ከሆነ ዘሩን ጎርፍ ይወስደዋል» አለች፤ ሌላው በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ተከራከረ። በመጨረሻ ተያይዘን ማሳ ሄድንና አግድም ዘራነው።

የዚያን ቀን ሪፖርቴ ላይ «የሠለጠኑ» ከሚለው ሥር አንድ ስም ብቻ ጻፍኩ፤ የራሴን።