የባላጋራ ችካል ጠባቂ

ከተማ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ሰዎች፣ ወሰን ሲባል ግንብ ይመስላችኋል። አይፈረድባችሁም። ግንብ ቆሞ ራሱን ይጠብቃል፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ከተሰካበት ደግሞ ባለቤቱ እንቅልፉን ቢለጥጥም ግድ የለም። እኛ አገር፣ ከቡሬ ወጣ ብላችሁ ወደ ገጠሩ ስትዘልቁ ግን ወሰን ማለት የቅል ታህል ድንጋይ ናት። ክረምት ሲሆን ጎርፍ ይገፋታል፣ በሬ ይረግጣታል፣ ሳር ይውጣታል። ሰው ግን አይነካትም። የነካት ሰው ወሰን ገፊ ይባላል፤ ይህን ስም አንዴ ያተረፈ ደግሞ ልጁን ለመዳር ሦስት ወረዳ አቋርጦ መሄድ አለበት፤ ቅርብ ያለው ሁሉ ያውቀዋላ።

በአንዲት ትልም መሬት የተነሳ ዓመታት ሙሉ ፍርድ ቤት የተመላለሱ ሁለት ወንድማማቾች አውቃለሁ። መንገዱ ሩቅ ስለነበር አንዲት በቅሎ ተራ በተራ እየተቀመጡ ነበር የሚመጡት። ችሎት ፊት ይካሰሳሉ፤ ሲመለሱ ስንቃቸውን ዛፍ ሥር ፈትተው አብረው ይበላሉ። ይህ ነገር እንግዳ ከሆነባችሁ አጎቴ አያ ዳምጤ የሠሩትም ሥራ አይገባችሁምና፣ ጥቂት ታገሡኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። አያ ዳምጤ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። መሬታቸውን ለሦስት ወንዶች ልጆቻቸው በየሠርጋቸው ቆራርሰው ሰጥተው ለራሳቸው አንድ ማሳ፣ ሁለት በሬና አንዲት ባዝራ ፈረስ አስቀርተዋል። ማሳው እሳቸውን ይመግባል፤ በሬዎቹን የሚመግበው ግን የመንደሩ የወል መስክ ነው። መስኩ ከሌለ በሬዎቹ የሉም። በሬ የሌለው ሽማግሌ ደግሞ መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ይሰጥና ደጁ ላይ ተቀምጦ በገዛ ማሳው የሰው ጅራፍ ሲጮኽ ይሰማል። አያ ዳምጤ የሚፈሩት ይህንን ነው። ሞትን እንኳ እንዲህ ሲፈሩ አላየኋቸውም።

እንግዲህ አንድ ቀን ከፀሐይ መብራት የሚያመርት ኩባንያ መጣና ይኸንኑ መስክ ወደደው። መውደዱስ አያስገርምም፤ ሜዳው እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው፣ ዳሩ ላይ ምንጭ አለው፣ የመብራቱ ሽቦም በላዩ ያልፋል። ያልፋል ነው ያልኋችሁ። ሽቦው ለመንደሩ አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም።

ኩባንያው የላከው ኢንጂነር ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነው ሽማግሌ የሚያነጋግረው። ስብሰባው ላይ የፀሐይን ጥቅም ዘርዝሮ ሲጨርስ አያ ዳምጤ ብድግ አሉ።

«ፀሐይዋንማ ውሰዷት ልጄ፣ ማን ከለከላችሁ? እኛ የምንላችሁ መስኩን ተዉልን ነው።»

«አባቴ፣ ፓኔሉ የሚተከለው እኮ መሬት ላይ ነው።»

«እንግዲያው ያ ጋራ አለላችሁ፤ ጭንጫ ነው፣ ለከብትም ለሰውም አይሆን።»

«ጋራው ተዳፋት ሆነብን፣ አባቴ።»

«ዲያ! እኛስ ስናርስ የኖርነው ተዳፋቱን አይደለም ወይ?»

ሰዉ ሳቀ፤ ኢንጂነሩም ሳቀ። ስብሰባው በምርቃት ተፈጸመ፣ እንግዳም ጠላ ቀመሰ። ከሳምንት በኋላ እኔ ራሴ የሁለት ገጽ አቤቱታ ጻፍሁ። ዐርባ ዓመት ጠመኔ የያዘች እጄ የቻለችውን ያህል ከሽናዋለች። የመጀመሪያውን የጣት አሻራ ያሳረፉት አያ ዳምጤ ነበሩ፤ የተቀረው መንደር ከእሳቸው ሥር ተሰለፈ። አቤቱታው ገባ። መልሱ ሳይመጣ ግን ቀያሾች መጡና በመስኩ ዙሪያ አናታቸው ቀይ የተቀባ የእንጨት ችካሎች ተክለው ሄዱ።

ወር ያህል ቆይቶ ኢንጂነሩ ሊጎበኝ ሲመጣ ደነገጠ። በየችካሉ ሥር አፈሩ ትኩስ ነው፤ የተቆፈረ፣ የተደፈነ፣ የተረገጠ። መለኪያ መሣሪያው ደግሞ ለጥገና ባሕር ዳር ሄዷል። በቀጥታ ወደ ቄሰ ገበዙ ሄደና፣ «ሰው ችካሌን እየነቀለ ያዛውርብኛል» አላቸው።

ልብ በሉልኝ። ያ መንደር ኩባንያውን አይፈልግም። ችካሉ ጠፋ ቢባል ደስታውን የሚደብቅ አልነበረም። ተዛወረ ሲባል ግን ነገሩ የኩባንያ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ከመካከላችን ወሰን ገፊ አለ ማለት ነው! ቄሰ ገበዙ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ጠሩ፤ እኔም ለማኅበር መጥቼ ስለነበር ከዳር ተቀመጥሁ።

አውጫጭኝ ላይ ተቀምጣችሁ የማታውቁ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። አባወራው ሁሉ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። እየተነሳ፣ ያየውንም የሰማውንም እንዳይደብቅ ይምላል። በግልጽ መናገር የፈራ ሰው ለሽማግሌዎቹ በጆሮ ይነግራቸዋል፤ እነሱም የነገራቸውን ሰው ስም ሳያወጡ «ወፍ እንዲህ አለችን» ብለው ያሰማሉ። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። በደለኛው ሳይገኝ ወደ ቤት መሄድም የለም።

ፀሐይዋ አናት ስትደርስ ቄሰ ገበዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወፍ እንዲህ ትላለች፤ አያ ዳምጤ በየማለዳው፣ በመጥረቢያ ጀርባ፣ ችካሉ ዘንድ ሲመቱ ታይተዋል።»

እረግ! ከሴቶቹ በኩል እንዲህ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። አጎቴ ሊታሰሩ ይችላሉ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ መታሰራቸው አልነበረም ያሳፈረኝ። የእናቴ ወንድም ወሰን ገፊ!

አያ ዳምጤ ቀስ ብለው ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«መታሁ» አሉ። «ከብቱ አንገቱን እያከከ ይጥላቸዋል። ዋናው ጣይ የእኔው ቦራ በሬ ነው፣ ምን ላድርገው። ጉድጓዱ ሳይደፈን ቶሎ ደርሼ በየቦታቸው እመልሳቸዋለሁ። አንድም አላዛወርሁ። ካዛወርሁ መሬት አትቀበለኝ።»

ቄሰ ገበዙ ግራ ገባቸው። «ምነው አያ ዳምጤ፣ አይግባብን ያሉት አንቱ አይደሉም ወይ?»

«አይግባ ብያለሁ፤ አሁንም አይግባ እላለሁ። ነገር ግን ሲተክሉት አይቻለሁ። የት እንደነበር እያወቅሁ ወድቆ ሲያድር ዝም ልበል? ነገ ‹የት ነበር?› ተብሎ ብጠየቅ በማን ልምል ነው?»

ያን ጊዜ ያልሳቀ ሰው አልነበረም፣ ከእኔና ከአያ ዳምጤ በቀር። እኔ ተናድጄ ነበር። በማግስቱ መሣሪያው መጣ፤ ችካሎቹ ተለኩ። አንዲቷ እንኳ ስንዝር አልተዛነፈችም። ኢንጂነሩ በደስታ የአያ ዳምጤን እጅ ስሞ፣ መጥረቢያቸውን አስይዞ፣ ከአንዱ ችካል ጎን አቁሞ ፎቶ አነሳቸው። አያ ዳምጤ ፎቶ ሲነሱ ልማዳቸው ነውና ፊታቸውን ዳኛ አስመስለው ቆሙ።

ያቺ ፎቶ ከሪፖርት ጋር ተያይዛ ሄደች። ሪፖርቱ ማኅበረሰቡ ፕሮጀክቱን እንደ ዓይኑ ብሌን እየጠበቀ መሆኑን ይገልጻል። ለሁለት ገጽ አቤቱታዬ የተሰጠው መልስ ግማሽ ገጽ ነው፤ ጭብጡም፣ የመጀመሪያው አቤት ባይ ራሳቸው በፈቃዳቸው ችካል ጠባቂ ስለሆኑ ተቃውሞው መሠረት የለውም የሚል ነው። ደብዳቤውን ሳነብላቸው አያ ዳምጤ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጡ። «ችካሉን ጠብቄያለሁ፣ እሱስ እውነታቸውን ነው» አሉ። ምን ይባላል? መስኩ ሄደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ አልጽፈውም ነበር፤ የሰው ሞኝነት ማውራት ለእኔም አይመቸኝም፣ በተለይ የዘመድ።

አጥር የሚሠሩ ሰዎች መጡ። ችካሎቹን ነቃቅለው እሳት አነደዱባቸው፣ በምትካቸው የብረት ምሰሶ መትከል ጀመሩ። በምንጩ በኩል ሲደርሱ ምሰሶው ከችካሎቹ መስመር ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ ውጭ ወጣ። ምንጩ ከነዳርቻው፣ ከነጨፌው፣ አጥሩ ውስጥ ሊገባ ሆነ። መንደሩ ሲጮኽ የሠራተኞቹ አለቃ፣ «ችካሉ እዚህ ነበር» አለ። ችካሉ አመድ ሆኗል፣ ማን ይጠየቅ?

አያ ዳምጤ መጡ። ማንንም አልተሳደቡም። ጎንበስ ብለው ከመሬቱ አንድ ጓል አፈር አነሱና አናታቸው ላይ አስቀመጡ። ይህ በእኛ ዘንድ የመጨረሻው መሐላ ነው፤ አፈር ተሸክሞ ወሰን የመራ ሰው ከዋሸ ያው አፈር በቅርቡ ይመለስበታል ይባላል። እንደዚያ ሆነው መራመድ ጀመሩ። ሰዉ ተከተላቸው። እየቆሙ፣ «አንዱ እዚህ ነበር» ይላሉ፤ ድንጋይ ይቀመጥበታል። «ሁለተኛው እዚህ።» ደግሞ ድንጋይ። ምንጩን በስተግራ ትተው ዞሩ።

ኢንጂነሩ ተጠርቶ መጣና በመሣሪያው ለካ። ለሁለተኛ ጊዜ ለካ። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ አለቃ ዞሮ፣ «ንቀሉት» አለ። ሌላ ምን ሊል ይችላል? የእኚህን ሰውዬ ታማኝነት በፎቶ አስደግፎ ለበላዮቹ የላከ እሱ ራሱ ነው።

እንግዲህ ምንጩና በዳሩ ያለችው ቀጭን ጨፌ ለመንደሩ ቀሩ። ብዙ አይደለችም። ብዙው ሰው ከብቱን ቀንሷል፤ አያ ዳምጤም ባዝራቸውን ቡሬ ገበያ ወስደው ሸጡ። በሬዎቹ ግን አሉ። ማሳውንም የሚያርሱት ራሳቸው ናቸው።

በቅርቡ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ጨፌው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከአጥሩ ሽቦ ወዲያ፣ በፓኔሎቹ ጥላ ሥር፣ ሳሩ ጉልበት አልፎ ጥቅጥቅ ብሏል። ፓኔሎቹን እንዳይጋርድ መታጨድ ስላለበት ጥበቃው በሩን ከፍቶ፣ «አያ ዳምጤ፣ ይግቡና እንዳሻዎ ይጨዱ እንጂ፣ ማን ያይዎታል?» ይላቸዋል።

«የሰው ወሰን አልፌ አልገባም» አሉት።

ጥበቃው ምን ያድርግ፤ ራሱ አጭዶ ሳሩን በሽቦው ላይ ያቀብላቸው ጀመር። እሳቸውም ከወዲህ ሆነው እቅፍ እቅፉን እየተቀበሉ ለበሬዎቹ ይጥላሉ። ስድሳ ዓመት ከብት ያሰማሩበት መስክ ነው። ንዴቴ ተመለሰብኝና፣ «አያ፣ ያን ጊዜ ችካሉን ወድቆ ቢተዉት ምናለ?» አልኋቸው።

«ብተወውማ ኖሮ» አሉ ወደ ምንጩ እያዩ፣ «የምንጩ ቀን ማን ያምነኝ ነበር?»

መልስ ሳዘጋጅ ቦራው በሬ ሳሩን ጨርሶ ወደ አጥሩ ተጠጋና አንገቱን ከብረቱ ምሰሶ ጋር ያክክ ጀመር። ምሰሶው ጥቂት ዘመም አለ። አያ ዳምጤ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ። «አንት ከብት! የሰው ወሰን ነው!» ብለው በሬውን አባረሩና፣ ድንጋይ ፈልገው፣ ምሰሶውን አቅንተው ሥሩን ይመቱ ጀመር።