ስልካቸውን የሚያሳርፉት አጎቴ

በየቤተሰቡ ስልኩን አጥፍቶ የሚዞር አንድ ሰው አለ። እኛ ቤት የለም ካላችሁ ራሳችሁን መርምሩ፤ ምናልባት ዘመድ አዝማዱ ሲያማ የሚውለው እናንተን ይሆናል። ይህ ሰው ስልክ የለውም እንዳይባል አለው፤ አለው እንዳይባል አይገኝም። ስትደውሉለት አንዲት ጨዋ ሴት ብቅ ትልና የደወሉላቸው ደንበኛ እንደማይገኙ ነግራ ታሰናብታችኋለች። በአካል ስትገናኙ ደግሞ ወቃሹ እሱ ነው። "ምነው ጠፋችሁ?" ይላል ዓይኑን በጨው አጥቦ።

የእኛ ቤተሰብ ድርሻ ክቡር አጎቴ ናቸው። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ በማዕረጋቸው የጠፉ ስልኮች ጠቅላይ አዛዥ። አንቱ የምላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ብቻ አይደለም። ሰው ፊታቸው ሲቆም፣ ገና ቃል ከአፉ ሳይወጣ የትከሻውን ስፋት በዓይናቸው ለክተው ስለሚጨርሱ ጭምር ነው። እንደዚያ የሚያይ ሰው ይፈራል።

ስልካቸው ባለ ቁልፍ ናት። የጀርባዋ ክዳን ከጠፋ ስለቆየ ባትሪዋን የያዘላት የሱሪ ወገብ ላስቲክ ነው። ላስቲኩን ራሳቸው በማሽን ገጥመው በልኳ ሰፍተውላታል። በመሀረብ ትጠቀለላለች፤ መሀረቡ በፌስታል ይጠቀለላል፤ ፌስታሉ የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ይገባል። መደወል ያማራቸው ቀን ይህ ሁሉ በተራ ይፈታና ስልኳ ትበራለች። ሙዚቃዋን ተጫውታ እስክትጨርስ በትዕግሥት ይጠብቋታል። ከዚያ ይደውላሉ፤ "ደህና ናችሁ? በሉ ደህና ዋሉ" ይላሉ፤ መልስ ሳይጠብቁ መልሰው ያጠፏታል።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው የሚያጠፏት?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ትረፍ እንጂ! አንተስ ቀኑን ሙሉ ተገትረህ ብትውል አይደክምህም?"

"እኛ ብንፈልግዎትስ?"

"ቤቴን ታውቁት የለ? ሱቄን ታውቁት የለ? ስልክ ለሃሎ ነው ልጄ። ለሌላው እግር አለ።"

ስልክ ለሃሎ ነው! ይህችን አባባል ሰርግ ላይም፣ ሐዘን ቤትም፣ ሱሪ ሲያሳጥሩም ይሏታል። እንዲያው ለአፋቸው እንዳይመስላችሁ። አመሻሽ ላይ ሱቃቸውን ዘግተው በእግራቸው እናቴ ቤት ይመጣሉ። አሁኑኑ ተነስቶ እንደሚሄድ ሰው ሶፋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡና እዚያው ያመሻሉ። ሻይ ይቀርባል። ከዚያ እህትና ወንድም በልጅነታቸው የተሰበረውን የአባታቸውን መስታወት ማን እንደሰበረው ሽንጣቸውን ገትረው ይከራከራሉ። ሁለቱም ሽበት አብቅለው ክርክሩ እስካሁን ውሳኔ አላገኘም።

ታዲያ አንድ ቀን አጎቴ ስፌት ላይ እንዳሉ ራሳቸውን ሳቱ። ቁርስ ሳይቀምሱ ወጥተው ነው። ደንበኞቻቸው ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው፤ ትንሽ ነገር አፋቸው ውስጥ ሲገባ ነፍስ ዘሩ። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ደግ ነበር። ወሬው ግን ከጎረቤት ጎረቤት እየወፈረ ሄዶ እናቴ ዘንድ ሲደርስ "ወንድምሽን አጣነው" ሊል ምንም አልቀረው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ሮጣ አትሄድም። ደወለች፤ ጠፍቷል። ደግማ ደወለች፤ ጠፍቷል። እኔ ጋ ደውላ አለቀሰች። የአጎቴ ስልክ ግን ያን ሁሉ ጊዜ በመሀረብ ተጠቅልላ፣ ከባለቤቷ ጋር አልጋ ይዛ እያረፈች ነበር።

"ሁለተኛ እንዲህ አያድርገኝ" አለችኝ እናቴ ነገሩ ሲረጋጋ። "ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። አንድ ነገር ቢሆን በሰው አፍ ልስማው? እንደ ሰው ስማርት ስልክ ግዛለትና ባሰኘኝ ሰዓት ፊቱን ልየው።"

እኔ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ እንዲሁ ዘው ብዬ ዕቃ አልገዛም፤ መጀመሪያ አጠናለሁ። ስልክ እምብዛም ለማይነካ ሰው ስማርት ስልክ ይስማማዋል ወይስ አይስማማውም? ጥያቄዬን ይዤ ሱቃቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይደውላሉ?"

"በቀን? ሰው ሲወለድ አንዴ፣ ሰው ሲሞት አንዴ።"

"በመሀልስ?"

"በመሀል ሰውየው ራሱ ይምጣ።"

"ኢንተርኔት ያስፈልግዎታል?"

"ምን ልሁን ብዬ?"

"ለምሳሌ ዜና ለመስማት።"

በአፋቸው መርፌ እንደያዙ ሳቁብኝ። "ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣ ሰው ዜናውን ይዞት ነው የሚመጣው። እንዲያውም ሱሪውን የሚረሳው አለ።"

ከዚህ በኋላ አእምሮው የተስተካከለ ሰው ጥናቱን "አይስማማቸውም" ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ግን "በሚገባ ይስማማቸዋል" ብዬ ዘጋሁት። እናቴ አስቀድማ ወስናለች። መልሱ ከታወቀ በኋላ የሚደረግ ጥናት ደግሞ ከሁሉም ጥናት ቀላሉ ነው።

ስልክ መሸጫው ሱቅ ይዣቸው ገባሁ። ሻጩ ስለ ካሜራው፣ ስለ ማህደረ ትውስታው፣ ስለ ባትሪው ሲያወርድላቸው አጎቴ ስልኩን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል አድርገው እንደ ጨርቅ ያሹታል።

"ስስ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ገበሩ የታለ?"

"ገበር… የለውም ጋሼ" አለ ሻጩ፣ ወደ እኔ እያየ።

"ገበር የሌለው ነገር ዕድሜ የለውም" ብለው ተነፈሱ።

በማግስቱ ለስልኩ ልብስ ሰፉለት። ከኮት የተረፈ ወፍራም ሱፍ፣ ውስጡ ገበር፣ በሱፉና በገበሩ መሀል ስፖንጅ። ቁልፍ የሌለው ስልክ ባለ ሦስት ቁልፍ ሙሉ ልብስ ለበሰ። አማረበት፤ አልዋሽም። ችግሩ ስትደውሉለት ጆሮ ዳባ ልበስ ማለቱ ነው። ድምፁ ያን ሁሉ ሱፍ ጥሶ አይወጣም። ተሳክቶለት ቢወጣ እንኳ አጎቴ ሦስተኛውን ቁልፍ ሲፈቱ ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ ዘግቷል። "ቸኩሎ ነው እንጂ እያወለቅኩለት ነበር" ይላሉ።

ደግሞ የጣታቸው ነገር አለ። መርፌ እንዳይወጋቸው ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋት ብረት አለች፤ ሲተኙ ብቻ ነው የምትወልቀው። በእሷ ስክሪኑን ቢቆረቁሩት ዝም አላቸው። "ብረት አይሰማም ጋሼ፣ በባዶ ጣት ነው" አልኳቸው። አውልቀው ነኩት፤ አሁንም ዝም። ለካ የጣታቸው ጫፍ ዕድሜ ልኩን በመርፌ ሲደድር ኖሮ ስልኩ የሰው ጣት መሆኑን አላመነም።

"ዕድሜዬን ሙሉ ያደርኩበትን ጣት ነው የማያውቀው?" አሉ ከልባቸው አዝነው።

ጣታቸው ያቃተውን ጉንጫቸው ቻለው። አንድ ቀን በስልክ ሰው ሲያናግሩ ጉንጫቸው ሌላ ደንበኛ ጋ ደወለ። ያውም "ነገ ና" እያሉ ሲያመላልሱት የከረሙት ደንበኛ ጋ! ልብስ ሰፊ በራሱ ፈቃድ ሲደውልለት ኮቱ ደርሷል ማለት ነው ብሎ ሰውየው ሚስቱን አስከትሎ መጣ። ኮቱ ግን እጅጌ እንኳ አልነበረውም። የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥም አስገባኋቸው፤ የመጀመሪያ የድምፅ መልእክታቸውን ላኩ። ከዳር እስከ ዳር የስፌት ማሽን ጩኸት ነው። መጨረሻው ላይ "ይሄ ነገር በርቷል እንዴ?" ይላል። ዘመድ ሁሉ የልብ ምልክት ላከላቸው።

የማታ ማታ ግን ለመዱት። የእናቴን ፎቶ በትንሿ ጣታቸው ሲነኩ እናቴ በቪዲዮ ብቅ እንደምትል አሳየኋቸው። እናቴ ግን ሙሉዋን ብቅ አትልም፤ ስልኩን ወደ ላይ አድርጋ ስለምትይዘው የሚታየው ግንባሯና ጣሪያው ነው። አጎቴ ደግሞ ስልክ የሚሰማው በጆሮ ነው ብለው ስለሚያምኑ ቪዲዮውንም ጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል። እንዲህ እያለ የግንባርና የጆሮ ወግ ተጀመረ።

"ጆሮህን አንሳልኝ፣ ፊትህን ልየው!"

"ኧረ ልስማበት እትዬ! ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። አንተስ?"

"ደህና። በይ ደህና እደሪ።"

የልብ ልብ ተሰማኝ። ጥናቴ ፍሬ አፈራ ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። አጎቴ ስልካቸውን ማጥፋት ተዉ። ከዚያ አንድ ቀን "ዛሬ እንኳ አልመጣም፣ በስልክ እንተያያለን" አሉ። በማግስቱም እንደዚያው። ቀስ በቀስ አመሻሽ ላይ መምጣታቸው ቀረ። የመስታወቱም ክርክር ተቋረጠ፤ ወሳኙ ምስክርነት ላይ ሲደረስ ኔትወርኩ እየሄደ አስቸገረ።

እናቴ የጠየቀችውን አገኘች፤ ባሰኛት ሰዓት ወንድሟን ታየዋለች፣ ቢያንስ ጆሮውን። "ደስ አይልም ታዲያ?" አልኳት።

"ደስ ይላል" አለች፣ መድኃኒት እንደዋጠ ሰው። "ቤቱ ብቻ ሰፋብኝ።"

በዕረፍት ቀኔ ስሄድ እግሯ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ተቀምጣ አገኛታለሁ። "በረደኝ" ትላለች። በርዷት ነው ብዬ አመንኩ።

እንዲህ ባለው የዕረፍት ቀኔ እናቴ ጋ ቁጭ እንዳልኩ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ናቸው። ኔትወርክ እምቢ ብሏቸው በእግራቸው መጡ። ኔትወርክ ይባረክ፤ የጠቀመን የጠፋ ዕለት ነው። ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ደስታዋ ፊቷ ላይ እየታየ ሻይ ልትጥድ ብርድ ልብሱን ገፍፋ ተነሳች። አጎቴ አረማመዷን፣ መስታወት ፊት የቆመ ደንበኛን በሚያዩበት ዓይን ተከተሉት።

"እትዬ፣ እስቲ ቁሚ።"

"ምን ሆንክ?"

"የጫማሽን ተረከዝ ለምን ረገጥሽው?"

"ጠቦኝ ነዋ።"

"የኖረ ጫማ ዛሬ ምን ሆኖ ይጠብሻል? ቀሚስሽን ሰብሰብ አድርጊው።"

ሁለቱም እግሮቿ አብጠው ቁርጭምጭሚቷ አይለይም። እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አጎቴ ከሶፋው ወርደው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

"በየቀኑ ደህና ነሽ ወይ እያልኩ እጠይቅሽ የለ?"

"ደህና ነኝ እኮ። እግሬ ነው እንጂ እኔማ…"

"ደህና ነኝ ያለኝ ግንባርሽ ነው!" ጮኹባት። "እግርሽን መቼ ጠየቅኩት!"

"እንዳትጨነቅ ብዬ ነው።"

"የእኔን በሰው አፍ አልሰማም ብለሽ ይሄን አስገዛሽብኝ። እኔስ የአንቺን ከማን ልሰማው ነበር?" የተረገጠውን ጫማ ከእግሯ አወለቁላት። "ከአንገት በላይ ስንጠያየቅ ከረምን፣ እትዬ።"

በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። የደም ግፊቷ ወጥቶ ነበር። ሐኪሟ "በጊዜ አመጣችኋት" ብላ መድኃኒት አዘዘችላት። ጨው ቀነሰች፣ እግሯን ከፍ አድርጋ መተኛት ጀመረች፤ እብጠቱም ጎደለ።

እናቴ የተሻላት ሰሞን አጎቴ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ሦስቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈቱ። ልብሱን አውልቀው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ስልኩን ዕርቃኑን ወደ እኔ ገፉት።

"ጨርቁ የእኔ ነው። ዕቃህን ውሰድ።"

"ምን አጠፋ ጋሼ?"

"እሱ ምን ያድርግ፣ ዕቃ ነው። እኔን ነው ያሰነፈኝ። እግር እያለኝ እህቴን በግንባሯ ብቻ ስጠይቃት ከረምኩ።"

ስለ ጥናቴ ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ አቋርጣኝ ወደ ወንድሟ ዞረች። "ስልኩን መልስ፤ ይሁን። አሮጌዋን ግን እንዳታጠፋት! እንደዚያን ቀን ብትወድቅስ?"

ሁለቱ ተደራደሩ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተስማሙበት የመጀመሪያ ጉዳይ ይመስለኛል። አሮጌዋ ስልክ ሱቅ ውስጥ ሥራ ላይ ናት፤ በርታ ትውላለች። ሱቁ ተዘግቶ ወደ እናቴ መንገድ ሲጀመር ትጠፋለች። አጎቴ ከዚህ በላይ ሊያልፉ አልፈቀዱም፤ እየሄደ የሚያወራ ሰው ከሰው ይጋጫል ይላሉ። አሁን ሰዎች መንገድ ላይ አግኝተው "አባቴ ስልክ እምብዛም አይነካም፤ ስማርት ስልክ ይስማማዋል?" ብለው ሲጠይቁኝ እንደ ባለሙያ ትንሽ አስቤ "እህት ከሌለው በደንብ ይስማማዋል" እላቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ጋ ነበርኩ። ዝናብ ይጥላል፤ አጎቴ ዘገዩ። እናቴ አሥር ጊዜ ወደ መስኮቱ አየች። እኔም ሳላውቀው ለካ በር በሩን አያለሁ። እኚህን ሰውዬ ስንት ጊዜ እንዳማኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሳይመጡ ሲቀሩ ግን ሆዴ ይባባል። እወዳቸዋለሁ፣ ምን ይደረግ።

"እስቲ ደውልለት" አለች እናቴ።

ደወልኩ። ያቺ ጨዋ ሴት ብቅ አለች።

"ጠፍቷል" አልኳት እናቴን።

ፊቷ ፈካ አለ። "በል ተነስና በሩን ክፈትለት" አለችኝ፣ ሻይ ልትጥድ እየተነሳች። "መንገድ ጀምሯል።"