ዜና ቶፊቅ ዘአዋሽ፣ 4092311ን ድል የነሣበት

ስምንተኛ ክፍል በወደቀ በሠላሳ አራተኛው ዓመት፣ የሚስቱ ወንድም አብዱናሲር ዲግሪ ይዞ በየድግሱ መናገር በጀመረ በአሥራ ዘጠነኛው፣ የፉርጎዎች መዝጋቢ፣ የሐዲድ ዳር አንበሳ፣ ነጥብ ቢነፍጉት ጭንቅላት ያልነፈጉት ቶፊቅ፣ ለአብዱናሲር ልጅ ለኑርሀያት ኒካህ ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚኒባስ ዘመተ። ከእርሱም ጋር የዘመቱት እነሆ፦ ውኃና ቴምር የያዘች ሚስቱ ኸሊዳ፣ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ያስጫነች ነጋዴዋ ውባንች፣ እንዲሁም ከፊት ወንበር፣ እንደ ልማዱ፣ አብዱናሲር ራሱ።

ከከተማው ሳይርቁ ኮንቴይነር የጫነ የጅቡቲ መኪና ከፊታቸው ገባ፤ በኋላ በሩም ላይ 4092311 ተጽፎ ነበር። ያን ጊዜ አብዱናሲር ዞሮ አዋጅ ነገረ፦ «ስሙኝማ! ይህን ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም፤ እኛ የተማርነው ብቸኛ ቁጥር እንለዋለን። አማቼ ስልክ ሳይነካ፣ ሰመራ ሳንገባ አካፋይ ካገኘለት፣ ‹ስምንተኛ የወደቀው› ብዬ ሁለተኛ ለሰው አላስተዋውቀውም። ካቃተው ግን ለሙሽራው ወገን አንድ ሳላስቀር እነግራለሁ!»

ቶፊቅም ዕድሜውን ፉርጎ ሲመዘግብ የኖረ ነውና፣ ቁጥሩን በፉርጎ መሰለው፤ በሦስት በሦስት፣ በሰባት በሰባት እየቀጠለ ባቡር ይሠራል፣ ሐዲድ ላይ የቀረ ፉርጎ ካለ የላከው አካፋይ ተሸነፈ ማለት ነው። ሁለትንና አምስትን የቁጥሩን መጨረሻ አይቶ ብቻ አሰናበታቸው። ሦስትን ላከ፤ ሁለት ፉርጎ ቀርቶበት ተመለሰ። ሰባት ስድስት ጥሎ ሸሸ። ገዋኔ በሰፈሩ ጊዜ ሌላው የፍየል ጥብስ ሲከብ እርሱ ምሳውን ትቶ አሥራ አንድንና አሥራ ሦስትን አዘመተ፤ ያም ሦስት፣ ይህም ሁለት አስቀርቶ ገባ። የጭነት መኪናው ጎማ ሊቀይር እዚያው ቀረ፤ ቁጥሩ ግን ከቶፊቅ ራስ አልወረደም። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ዘጠኝ በየመንገዱ ወደቁ። ሚሌ ማደያው ጋ ሠላሳ አንድ አንዲት ፉርጎ ብቻ አስቀረ፤ አንዲት! ኸሊዳ በሻሽዋ ጫፍ ላቡን ጠረገችለት። ውባንችም በተራዋ አወጀች፦ «አይዞህ ወንድሜ! ይሄ ባለ ዲግሪ እኮ ራሱም አላካፈለው፣ ዝም ብሎ ነው አፉን የከፈተው!»

የሰመራ ፎቆች ከሩቅ በታዩ ጊዜ ሠላሳ ሰባትን ላከ፤ እርሱም አንድ መቶ አሥር ሺህ ስድስት መቶ ሦስት ባቡር ሠርቶ ሐዲዱን ባዶ አደረገው። ጀግናውም ከመቀመጫው ተነሥቶ «ለሠላሳ ሰባት ይካፈላል!» ብሎ አወጀ፤ ጣራውም ራሱን መታው። አብዱናሲር ስልኩን አወጣ፣ ነካ፣ ደግሞ ነካ፣ ሦስተኛም ነካና ወደ ኪሱ መለሰው።

በኒካሁም ላይ በሙሽራው ሽማግሌዎች ፊት የቶፊቅን ትከሻ ይዞ አፉን ከፈተ፤ አንድ ነገር ዋጠ፤ «ይህ ቶፊቅ ነው፣ የእህቴ ባል» ብሎ አቆመ። የሙሽራው አጎትም ተነሥቶ አጠገቡ አስቀመጠው፤ ከሥጋውም መርጦ አቀረበለት።

ዲግሪ የፈራውን የደፈረ፣ ምሳውን ለቁጥር የሠዋ፣ በሙቀት ያልቀለጠ ቶፊቅ ዘአዋሽ፣ አላህ ዕድሜውን ያርዝመው! ያን ጊዜ ከጣሉት መምህራንም በሕይወት ያለ ካለ ይህን ይስማ።